ለእያንዳንዱ የማሃባራታና የራማያና ጀግና አንድ ትምህርት መስጠት አልሆነልኝም

ነቁጥ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለንባብ ክበብ የአሥራ ሁለት ሳምንት ዝግጅት በእጄ አለ። ዕቅዱ በየሳምንቱ ከጥንታዊዎቹ የህንድ ኤፒኮች (ረጃጅም የጀግንነት ግጥሞች)፣ ከማሃባራታና ከራማያና፣ አንድ ጀግና አንስቶ አንድ የሥነ ምግባር ትምህርት ማውጣት ነበር፦ ዩዲሽቲራ ለእውነተኛነት፣ ቢሽማ ለቃል አክባሪነት፣ ካርና ለታማኝነት፣ ራማ ለፍትሕ፣ ኤካላቪያ ለተማሪ ትሕትና።

ወደ ታሪኩ ሲገባ ግን ትምህርቱን የሚያፈርሰው ራሱ ጀግናው ነው። እውነተኛው ዩዲሽቲራ መምህሩን የሚያስገድል ግማሽ እውነት ይናገራል። ፍትሐዊው ራማ የዝንጀሮዎቹን ንጉሥ ቫሊን ተደብቆ በቀስት ይወጋዋል። ቃል አክባሪው ቢሽማ የዩዲሽቲራና የአራት ወንድሞቹ ሚስት ድራውፓዲ በአደባባይ ስትዋረድ ተቀምጦ ያያል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ዝግጅቱን በምን ልከፋፍለው? ደጉ ወገን በተንኮል ካሸነፈ አድማጭ ምን ይዞ ይሂድ? ከሚነገሩት ታሪኮች ውስጥስ የትኞቹ በእርግጥ በጥንቱ ጽሑፍ አሉ?

---

ብራና ገላጭ

የተበላሸው አከፋፈሉ ነው፤ ጀግኖቹ ምንም አልሆኑም። በተለይ ማሃባራታ «እንደ እገሌ ሁን» ለማለት የተዘጋጀ አይደለም። የሚሄደው እንደ ችሎት ነው፤ ጉዳይ ይቀርባል፣ ሁለት ግዴታዎች ይጋጫሉ፣ አንዱ ይመርጣል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ዋጋው ብዙ ቆይቶ ይከፈላል። ስለዚህ ሳምንቱን በሰው ሳይሆን በጉዳይ ይክፈሉት። በአንድ ጉዳይ ሦስት አራት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ነው ልዩነቱ የሚታየው።

ከሁሉ በፊት «ዳርማ» የሚለውን ቃል ያስተካክሉ። «ሃይማኖት» ብለው ከተረጎሙት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይሳሳታሉ። ግዴታ፣ ሥርዓት፣ ጽድቅ፣ ለአንድ ሰው በቦታውና በጊዜው የተገባ ሥራ፣ ይህ ሁሉ በውስጡ አለ። የንጉሥ ዳርማ፣ የተዋጊ ዳርማ፣ የልጅ ዳርማ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሰው ደግሞ ንጉሥም ተዋጊም ልጅም ሊሆን ይችላል። ግጭቱ የሚነሳው ከዚህ ነው።

መክፈቻ የሚሆነው ጉዳይ ቁማሩ ነው፤ ሳባ ፓርቫ ከሚባለው ከሁለተኛው መጽሐፍ (የማሃባራታ መጻሕፍት «ፓርቫ» ይባላሉ)። የአምስቱ ፓንዳቫ ወንድሞች ታላቅ ዩዲሽቲራ፣ ለአጎቱ ልጆች ለካውራቫዎች በሚጫወተው በሻኩኒ ፊት ሀብቱን፣ ግዛቱን፣ ከዚያ ወንድሞቹን ናኩላን፣ ሳሃዴቫን፣ አርጁናን፣ ቢማን፣ ቀጥሎ ራሱን፣ በመጨረሻ ድራውፓዲን አስይዞ ይበላል። ቅደም ተከተሉን እንዳይዘሉት፤ ክርክሩ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ድራውፓዲ ልትወሰድ የመጣውን መልእክተኛ መልሳ ትልካለች፦ «ሂድና ቁማርተኛውን ጠይቀው፤ መጀመሪያ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እኔን?» ራሱን የተበላ ሰው ባሪያ ነው፤ ባሪያ ደግሞ ምን ንብረት ኖሮት ያስይዛል? ጥያቄው የልቅሶ ሳይሆን የሕግ ጥያቄ ነው።

የቤቱ ሽማግሌ ቢሽማ ሲመልስ ዳርማ ረቂቅ ነው ይላል። የራሱ ያልሆነውን ማንም ማስያዝ አይችልም፣ ነገር ግን ሚስት በባሏ ሥልጣን ሥር ናት፣ ስለዚህ መወሰን አልችልም ይላል። አዳራሹ ውስጥ ደፍሮ የሚናገረው ከካውራቫዎቹ ታላቅ ከዱርዮዳና ወንድሞች አንዱ ቪካርና ነው፦ ዩዲሽቲራ ያስያዛት ራሱን ከተበላ በኋላ ነው፣ ሐሳቡንም ያመጣው ሻኩኒ ነው፣ እሷም የአምስቱ ሚስት እንጂ የአንዱ አይደለችም፤ ስለዚህ አልተበላችም። ቪካርናን የሚያስቀምጠው፣ ልብሷም ይገፈፍ የሚለው ካርና ነው። ካርናን ለታማኝነት ምሳሌ ሊያደርጉ ካሰቡ ይህን ገጽ ዘልለው አያልፉም።

መጨረሻውም እንዳይቀርዎ። የካውራቫዎቹ አባት ንጉሥ ድሪታራሽትራ ደንግጦ የፈለግሽውን ጠይቂ ሲላት መጀመሪያ የዩዲሽቲራን፣ ቀጥሎ የአራቱን ወንድሞች ነጻነት ከነመሣሪያቸው ትጠይቃለች። ሦስተኛ ሲጨምርላት ስግብግብነት ዳርማን ያጠፋል ብላ እምቢ ትላለች። በዚያ አዳራሽ ከንጉሥ እስከ መምህር ከተቀመጠው ሁሉ ልኩን ያወቀችው እሷ ናት፤ የእኔ ፍርድ ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ታማኝነት ይሁን፤ ሁለቱን ኤፒኮች አንድ ላይ ያመጣል። «ጌታዬ ጥፋተኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ስድስት መልስ አለው።

ካርና የተወለደው ከዩዲሽቲራ እናት ከኩንቲና ከፀሐይ አምላክ ነው፤ ያሳደጉት ሰረገላ ነጂው አዲራታና ሚስቱ ራዳ። በዘሩ ሲናቅ የአንጋ ንጉሥ አድርጎ ያከበረው ዱርዮዳና ነው። ከፓንዳቫዎችና ከካውራቫዎች ጦርነት በፊት የፓንዳቫዎቹ ወዳጅና አማካሪ ክሪሽና የዩዲሽቲራ ታላቅ ወንድም መሆኑን ይነግረዋል፣ ኩንቲም ትለምነዋለች። እሱ ግን ይቀራል፤ ለኩንቲ ከአርጁና በቀር አንዱንም ልጅሽን አልገድልም፣ ከእኔና ከእሱ አንዳችን ብንወድቅም አምስት ልጅ ይኖርሻል ይላታል። በራማያና ደግሞ ኩምባካርና የራማን ሚስት ሲታን የጠለፈውን ወንድሙን ራቫናን በሰው ሚስት ምክንያት ይወቅሰዋል፣ ወቅሶም ወጥቶ ተዋግቶ ይሞታል። ሌላው የራቫና ወንድም ቪቢሻና ይመክራል፣ ይሰደባል፣ ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ወደ ራማ ይሻገራል። በማሃባራታ ቪዱራ ቤቱን ሳይለቅ ለወንድሙ ለድሪታራሽትራ ሌሊቱን ሙሉ እውነቱን ይነግረዋል። ቪካርና በአዳራሹ ተቃውሞ በጦር ሜዳ ግን ከወንድሞቹ ጋር ይቆማል፤ በጦርነቱ 14ኛ ቀን ቢማ ይገድለዋል፣ ገድሎም ያዝንለታል። ዩዩትሱ ግን የድሪታራሽትራ ልጅ ሆኖ ሳለ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ሰልፉን አቋርጦ ወደ ፓንዳቫዎች ያልፋል፤ ተርፎም በመጨረሻ መንግሥቱን እንዲጠብቅ አደራ የሚሰጠው ለእሱ ነው።

አድማጮች ስድስቱን ደረጃ ያውጡላቸው። አይስማሙም፤ የሚፈለገውም እሱ ነው።

---

አንቱታ

ብራና ገላጭ የዘለለው የቃል ኪዳን ጉዳይ አለ። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» የሚለውን አድማጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማሃባራታ የሚጨምረው ዕዳው የሚከፈለው ከማን ኪስ ነው የሚለውን ነው።

የቢሽማን ስለት ለሁለት ከፍለው ያቅርቡት። አባቱ ሻንታኑ ሳትያቫቲን እንዲያገባ መጀመሪያ ዙፋኑን ተወ። የልጅቱ አባት ደግሞ «አንተ ብትተው ልጆችህ ይነሱብናል» ሲል ዕድሜ ልኩን ሴት ላለማወቅ ማለ። የመጀመሪያው የራሱን ድርሻ መተው ነው፤ ሁለተኛው የሥርወ መንግሥቱን ነው። የሳትያቫቲ ሁለት ልጆች ያለ ዘር ሞቱ። እናትየዋ ራሷ አግባ ብላ ስትለምነው ስለቴ አለ፣ እምቢ አለ። ከዚያ ዘር እንዲተካ የሳትያቫቲ የቀድሞ ልጅ ቪያሳ ተጠርቶ ዓይነ ስውሩ ድሪታራሽትራና የፓንዳቫዎቹ አባት ፓንዱ ተወለዱ፤ የወራሽነት ጠቡም ከነሱ ልጆች መጣ። ለወንድሙ ሚስት ፍለጋ ጠልፎ ካመጣቸው ልዕልቶች አንዷ አምባ ልቧ ሌላ ዘንድ ነበር። እዚያም እዚህም ሳትሆን ቀረች፤ በሌላ ልደት ሺካንዲን የተባለ ተዋጊ ሆና የቢሽማ መውደቂያ ሆነች። በመሃሉ ስለቱን የማንሳት ዕድል ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቀርቦለት ነበር። ሲቀርብ የሚበላሸውም እዚህ ነው፤ አስተማሪ ስለቱን ያደንቅና የአምባን ስም ሳያነሳ ያልፋል።

ከቢሽማ ቀጥሎ የካርና ፓርቫን ትንሽ ትዕይንት ያስገቡ። በብዙ አጫጭር ቅጂ ውስጥ አትገኝም፤ ለእኛ ቋንቋ ሰው ግን ከሁሉ የምትገባ ናት። በ17ኛው ቀን ዩዲሽቲራ በካርና ቆስሎ ድንኳኑ ተኝቷል። አርጁና ካርናን ሳይገድል ሊጠይቀው ሲመጣ ተቆጥቶ «ቀስትህን ጋንዲቫን ለሌላ ስጠው» ይለዋል። አርጁና ደግሞ በድብቅ የማለው ነበረው፦ ጋንዲቫን ለሌላ ስጥ ያለኝን አንገቱን እቆርጣለሁ። ሰይፍ ይመዛል፤ በታላቅ ወንድሙ ላይ።

ክሪሽና ያስቆመውና ስለ ካውሺካ ይነግረዋል። ካውሺካ ሁልጊዜ እውነት ልናገር ብሎ የማለ መናኝ ነበር። ሽፍታ የሚያሳድዳቸው ሰዎች በአጠገቡ ሸሽተው ጫካ ገቡ። ሽፍቶቹ ሲጠይቁት በዚህ ገቡ አለ፤ ተገደሉ። እሱም ለእውነቱ ሲዖል ገባ። ነፍስ የሚያስጠፋ እውነት ዳርማ አይደለም ነው ነገሩ።

አሁንም ግን መሐላው አለ። ክሪሽና መውጫ ይሰጠዋል፦ የሚከበርን ሰው «አንተ» ብሎ መጥራት እንደ መግደል ነው፤ ስለዚህ አንተ በለው። በሳንስክሪት «ትቫም» ነው ቃሉ። አንቱ የሚባልን ታላቅ ፊት ለፊት አንተ ማለት ምን እንደሚያህል ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራራት አያሻም። አርጁና አንተ እያለ ይዘልፈዋል፣ ከዚያ ባደረገው አፍሮ ራሱን ሊያጠፋ ይነሳል። ክሪሽና እንደገና፦ ራስን ማሞገስ ራስን እንደ መግደል ነው፤ ራስህን አሞግስ። አርጁና ቆሞ ራሱን ያሞግሳል፤ ሁለቱም መሐላ ተፈጸመ፣ ሁለቱም ወንድም ተረፈ። ሳቅ ያስነሳል፤ ይሳቁ። የመሐላን ፊደልና መንፈስ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኙም።

---

ቀን ቆጣሪ

ሁለተኛውን ጥያቄ ልውሰድ። «ደጉ ወገን በተንኮል አሸነፈ» የሚለው ልክ ነው፣ ግን በቀን ካልተቀመጠ ይደባለቃል። ጦርነቱ 18 ቀን ነው። የካውራቫዎች አዛዦች ቢሽማ 10 ቀን፣ ድሮና 5፣ ካርና 2፣ ሻልያ የመጨረሻዋን ቀን። አንደኛው ቀን ሳይጀመር ሁለቱ ወገን ደንብ ተስማምተዋል፦ ሰረገለኛ ከሰረገለኛ፣ እግረኛ ከእግረኛ ይዋጋ፤ የሸሸ፣ መሣሪያ የጣለ፣ ከሌላ ጋር የተያያዘ አይመታ፤ ሰረገላ ነጂና ከበሮ መቺ አይነካ። ይህን ደንብ ሰሌዳ ላይ ጽፈው በየቀኑ የተጣሰውን ይሰርዙ። መምህር ከሚናገረው ሰሌዳው ይበልጣል።

10ኛው ቀን፦ አርጁና ከሺካንዲን ኋላ ሆኖ ቢሽማን ይወጋል፤ ቢሽማ በሺካንዲን ላይ መሣሪያ አያነሳም። ይህ አጠያያቂ ነው፣ ምክንያቱም መውደቂያውን ለፓንዳቫዎች የነገራቸው ቢሽማ ራሱ ነው። 13ኛው፦ የአርጁና ልጅ አቢማንዩ ቻክራቪዩሃ በሚባለው ክብ ሰልፍ ውስጥ ይገባል፤ መግባት እንጂ መውጣት አያውቅም። የካውራቫዎቹ ወገን ጃያድራታ ተከታዮቹን በር ላይ ያግዳል፣ ስድስት ታላላቅ ተዋጊዎች አንዱን ይረባረቡበታል። ግልጹ መፍረስ ከዚህ ይጀምራል። 14ኛው፦ የካውራቫዎቹ ተዋጊ ቡሪሽራቫስ የፓንዳቫዎቹን ተዋጊ ሳትያኪን ሊገድል ሲል አርጁና ሳይታሰብ ክንዱን ይቆርጠዋል፤ ቡሪሽራቫስ መዋጋት ትቶ ለተመስጦ እንደተቀመጠ ሳትያኪ አንገቱን ይቆርጣል። በዚሁ ቀን ውጊያው ፀሐይ ከገባች በኋላ ይቀጥላል። 15ኛው ድሮና፣ 17ኛው ካርና፣ 18ኛው ዱርዮዳና ይወድቃሉ። ዱርዮዳናን ቢማ ከእምብርት በታች መምታት በተከለከለበት የዱላ ግጥሚያ ጭኑን ይሰብረዋል። የዚያኑ ሌሊት የድሮና ልጅ አሽዋታማ የፓንዳቫዎችን የተኛ ሰፈር ገብቶ ያርዳል።

ስለ ድሮና ሞት በደንብ ይናገሩ። እሱ የዩዲሽቲራና የወንድሞቹ የጦር መምህር ነው። ቢማ እንደ ድሮና ልጅ አሽዋታማ የሚባል ዝሆን ገድሎ «አሽዋታማ ሞተ» ብሎ ይጮኻል። ድሮና አያምንም፤ ዩዲሽቲራን ይጠይቃል፣ ምክንያቱም እሱ አይዋሽም። ዩዲሽቲራ «አሽዋታማ ሞቷል» ይላል፣ «ዝሆኑ» የሚለውን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ድሮና ልጄ ሞተ ብሎ መሣሪያውን ይጥላል፣ ይገደላል። ሰምና ወርቅ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ወርቁ የተቀበረው እንዲፈታ ሳይሆን እንዳይሰማ መሆኑ ነው። እስከዚያች ሰዓት የዩዲሽቲራ ሰረገላ ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መሬት ነካ። ተራኪው ስብከት አልጨመረም፤ አራት ጣት ብቻ ቀነሰ።

አድማጭ «ታዲያ ማን ተቀጣ?» ካለ መልሱ በ18ቱ ፓርቫዎች መጨረሻ ነው፤ ሰው ጦርነቱ አለቀ ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋው ግን ከዚያ በፊት ነው። ዩዲሽቲራ በሰማይ ሲዖልን ለጥቂት ጊዜ እንዲያይ ይደረጋል፤ ድሮናን በማታለል ስለገደልክ አንተም በማታለል ሲዖልን አየህ ይባላል። አሽዋታማ 3,000 ዓመት ብቻውን እንዲንከራተት ይረገማል። የካውራቫዎቹ እናት ጋንዳሪ ክሪሽናን ማስቆም ስትችል ዝም አልክ ብላ በ36ኛው ዓመት ዘመዶችህ እርስ በርስ ይፋጃሉ ትለዋለች። ሲደርስ እንዴት እንደተጀመረ ልብ ይበሉ፦ በመጠጥ ላይ ሳትያኪ የአሽዋታማን የዚያ ሌሊት ተባባሪ ክሪታቫርማን «የተኙትን ያረድክ» ይለዋል፣ እሱም «አንተስ ቡሪሽራቫስን» ይለዋል። የ14ኛው ቀንና የ18ኛው ሌሊት ሂሳብ ከ36 ዓመት በኋላ በአንድ ማዕድ ላይ ተወራረደ።

---

ዘንባባ

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ይስተካከል። ሁሉን ግራጫ ካደረጋችሁት አድማጩ «እንግዲያው ሁሉም ያው ነው» ብሎ ይወጣል፤ ጽሑፉ ደግሞ ያን አይልም። ያለ ማመንታት የሚያመሰግናቸው ሥራዎች አሉ።

በቫና ፓርቫ ያክሻ የሚባለው መንፈስ በኩሬ ዳር ለዩዲሽቲራ ጥያቄ ያቀርባል፤ አራቱ ወንድሞቹ ሞተው ተጋድመዋል። ከፍተኛው ዳርማ ምንድን ነው ሲለው መልሱ «አንሪሻምስያ» ነው፤ አለመጨከን ማለት ነው። ከዓለም የሚደንቀውስ? በየቀኑ ሰው ወደ ሞት ይሄዳል፣ የቀረው ግን የሚኖር ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ወንድም ምረጥ ይባላል። ለጦርነት የሚያስፈልጉት ቢማና አርጁና ናቸው፤ እሱ ናኩላን ይመርጣል። ምክንያቱም ከእናቱ ከኩንቲ እሱ ተርፏል፣ ከእንጀራ እናቱ ከማድሪም አንድ ይትረፍ። መልሱ በቃል የነገረው አለመጨከን በሥራ የታየበት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካላቀረቡ ጥያቄና መልሱ እንቆቅልሽ ብቻ ይሆናል።

በ17ኛው መጽሐፍም ወደ ተራራው ሲወጡ ድራውፓዲ፣ ሳሃዴቫ፣ ናኩላ፣ አርጁና፣ ቢማ በየተራ ይወድቃሉ። የቀረው ዩዲሽቲራና የተከተለው ውሻ ነው። የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ ውሻውን ተወውና ወደ ሰማይ ግባ ሲለው የተጠጋኝን አልጥልም ይላል። በራማያናም የራማ አጋር ሱግሪቫ ቪቢሻናን ሰላይ ነው ብሎ ሲጠረጥር ራማ አንድ ጊዜ እንኳ «የአንተ ነኝ» ብሎ የመጣን አልመልስም ይላል። እነዚህን ከየጉዳዩ መሃል ሰካ አድርጉ።

---

ነጠላ ሰረዝ

ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። መጀመሪያ «የጥንቱ ጽሑፍ» የምንለው ምን እንደሆነ፦ ማሃባራታ በብዙ ቅጂ የኖረ ነው። በፑኔ የሚገኘው የባንዳርካር የምሥራቃውያን ምርምር ተቋም ከ1919 እስከ 1966 (በአውሮፓ አቆጣጠር) 1,259 የእጅ ጽሑፎችን አመሳክሮ በብዛት የሚስማሙበትን ዋና ጽሑፍ አደረገ፤ በጥቂት ቅጂ ብቻ የሚገኘውን ግርጌና አባሪ አስገባ። ለጥንቱ ገጣሚ ለቫልሚኪ ራማያና ተመሳሳዩን ሥራ የሠራው የባሮዳ የምሥራቃውያን ተቋም ነው፤ ከ1960 እስከ 1975። እንግዲህ «የለም» ስል በእነዚህ ዋና ጽሑፎች የለም ማለቴ ነው።

ከራማያና፦ የራማ ወንድም ላክሽማና በሲታ ጎጆ ዙሪያ ያሰመረው መስመር በቫልሚኪ የለም። ሻባሪ የምትባለው መናኝ ሴት ፍሬውን ቀምሳ ለራማ መስጠቷ የለም፤ ማስተናገዷ ግን አለ። በባሏ የተረገመችው አሃልያ ድንጋይ አልሆነችም፤ ለማንም ሳትታይ በአመድ ላይ ተጋድማ ኖረች። የራማ መልእክተኛ ዝንጀሮው ሃኑማን ደረቱን ቀድዶ ራማንና ሲታን አላሳየም።

ከማሃባራታ፦ አምላኩ ጋኔሻ የመጽሐፉ ጸሐፊ የሆነበት ታሪክ በዋናው ጽሑፍ የለም። ድራውፓዲ ከቁማሩ በፊት ዱርዮዳና በፓንዳቫዎች ቤተ መንግሥት ኩሬ ውስጥ ሲወድቅ «የዕውር ልጅ ዕውር» አላለችም፤ የሚስቁት ቢማና ወንድሞቹ ናቸው። ይህ ለሥነ ምግባር ውይይት ከባድ ለውጥ ያመጣል፦ በብዙ ሰው አእምሮ ቁማሩ የሷ አፍ ያመጣው ቅጣት ነው፤ በጽሑፉ ግን ቃል ያልተነፈሰች ሴት ናት። በአዳራሹ ወደ ክሪሽና የጸለየችው ጸሎትም በአባሪ ነው ያለው፤ ልብሷ ግን ሲገፈፍ አያልቅም።

የለም ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም። የካምባን የታሚል ራማያና፣ የቱልሲዳስ የአዋዲ ራማያና በራሳቸው የቆሙ ሥራዎች ናቸው፤ ከ1987 ጀምሮ በህንድ ቴሌቪዥን የታየው ተከታታይም ከብዙ ምንጭ ቀድቷል። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ ከአንዱ ቅጂ ድርጊቱን፣ ከሌላው ምክንያቱን ወስዶ አለመስፋት። ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ቅጂ ይምረጡና መጀመሪያ ላይ ይናገሩ።

አንድ ልጨምር። ከባጋቫድ ጊታ (ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ክሪሽና ለአርጁና ከሰጠው ምክር) ምዕራፍ 2 ቁጥር 47 ሁልጊዜ ይጠቀሳል፦ ሥልጣንህ በሥራው እንጂ በፍሬው አይደለም። ስንኙ አራት ክፍል አለው፤ ሰው ሁለቱን ጠቅሶ ያቆማል። ሦስተኛው ፍሬው መነሻህ አይሁን፣ አራተኛው ደግሞ ሥራ ፈትነትንም አትውደድ ይላል። አራተኛው ከተቆረጠ ምክሩ ግድ የለሽነት ይመስላል።

---

ነቁጥ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስድስቱን የታማኝነት ሰዎችና ሰሌዳውን ወስጃለሁ። የቀሩኝ ቫሊ፣ ሲታና ኤካላቪያ ናቸው። ቫሊን ማስረዳት ነው ወይስ ራማን መከላከል?

---

ብራና ገላጭ

ሁለቱንም አያድርጉ፤ ክርክሩን ያንብቡት። ከራማያና መጻሕፍት («ካንዳ» ይባላሉ) በኪሽኪንዳ ካንዳ ውስጥ፣ ከወንድሙ ከሱግሪቫ ጋር ሲዋጋ የተወጋው ቫሊ ፍላጻው ተሰክቶበት ረጅም ክስ ያቀርባል፦ ከሌላ ጋር ስዋጋ መታኸኝ፣ ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም፣ ሥጋዬ አይበላ ቆዳዬ አይለበስ። ራማ ይመልሳል፦ የታናሽ ወንድምህን ሚስት ሩማን ወሰድክ፤ እሷ ለአንተ እንደ ልጅህ ሚስት ናት። እኔ በወንድሜ በንጉሡ ባራታ ሥልጣን ሥር ጥፋት እቀጣለሁ፤ ለሱግሪቫም ቃል ገብቻለሁ። ደግሞም አንተ ዝንጀሮ ነህ፤ አዳኝ አውሬን ተደብቆ ቢወጋ ነውር የለበትም።

የመጀመሪያውና የመጨረሻው አብረው አይቆሙም። እንደ ሰው በጋብቻ ሕግ ከተፈረደበት እንደ አውሬ ሊታደን አይችልም፤ አውሬ ከሆነም በሚስት ጉዳይ አይከሰስም። ይህን ለአድማጭ ሳይነግሩ «ከራማ መልሶች የሚጋጩ ሁለት ፈልጉ» ይበሉ። ቫሊ በመጨረሻ ተቀብሎ ልጁን አንጋዳን አደራ ማለቱንም ያንብቡ፤ ተከሳሹ ያሸነፈበት ችሎት መሆኑ እውነት ነው።

ሲታን «ታጋሽ ሚስት» ብለው እንዳያልፏት። በሱንዳራ ካንዳ፣ በራቫና ከተማ በላንካ ታስራ ሳለች፣ ሃኑማን ጀርባዬ ላይ ተቀምጪና ልውሰድሽ ሲላት ምክንያት ዘርዝራ እምቢ ትላለች፤ ከነዚህ አንዱ ራማ ራሱ መጥቶ ቢያሸንፍ ለስሙ ይገባል የሚል ነው። ከድሉ በኋላ ሃኑማን ሲያሰቃዩዋት የነበሩትን ጠባቂ ሴቶች ልግደላቸው ሲል ታዘው ነው፣ ያልበደለ ማን አለ ብላ ታስቆመዋለች። ወዲያው ከዚያ በኋላ ነው ራማ በሕዝብ ፊት ክፉ ቃል የሚናገራት፣ እሷም ላክሽማናን እሳት አንድድልኝ የምትለው። ሁለቱን ፍርድ አንድ ሳምንት ላይ ያስቀምጡ፦ አሳሪዎቿን ይቅር ያለች ሴት፣ በመታሰሯ የሚጠረጥራት ባል። የሰባተኛው መጽሐፍ የኡታራ ካንዳ ስደቷ ሌላ ሳምንት ይፈልጋል፤ ብዙ ሊቃውንት መጀመሪያውን ባላ ካንዳንና ይህን መጽሐፍ ኋላ የተጨመሩ ናቸው ስለሚሉ ከፊተኛው ጋር አይቀላቅሉት።

ስለ ሃኑማን ቦታ ካለዎት 100 ዮጃና (ጥንታዊ የርቀት መለኪያ) ዘሎ ባሕር መሻገሩን ሁሉም ያውቃል። ላንካን ካቃጠለ በኋላ ያለውን ያንብቡ፦ ሲታም ተቃጥላ ይሆን ብሎ ደንግጦ በቁጣ ማሰብ ያቆመውን ራሱን ይራገማል። ከዝላዩ ይልቅ ለውይይት የሚሆነው ይህ ነው።

---

አንቱታ

ኤካላቪያን «የተማሪ ትሕትና» በሚለው ርዕስ አይያዙት። በአዲ ፓርቫ ድሮና ኒሻዳ ከሚባለው የጫካ ጎሣ የመጣ ልጅ ስለሆነ አላስተምርም ይለዋል። ልጁ የድሮናን ምስል ከጭቃ ሠርቶ ብቻውን ይለማመዳል። አንድ ቀን በሚጮህ ውሻ አፍ ሰባት ፍላጻ ይሞላል። አርጁና አይቶ ለድሮና ያማርራል፤ ከተማሪዎቼ የሚበልጥህ አይኖርም ብለኸኝ ነበር ይላል። ድሮና ሄዶ የመምህር ክፍያ ይጠይቃል፣ የቀኝ አውራ ጣት። ኤካላቪያ ሳያመነታ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በቀሩት ጣቶቹ ቢወረውርም እንደ ድሮው አይፈጥንም። አርጁናንም ቅናቱ ለቀቀው።

ልብ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ተራኪው የድሮናን ቃል «ዳሩና» ይለዋል፤ ጭካኔ የተሞላ ማለት ነው። ዘንባባ ከጠቀሰው አለመጨከን ጋር ያገናኙት። ሁለተኛው፣ በድሮና ፓርቫ ክሪሽና ራሱ ለአርጁና ድሮና ያን ጣት የወሰደው ለአንተ ጥቅም በተንኮል ነው ይለዋል። በ15ኛው ቀን ድሮና በተንኮል ሲወድቅ ይህን ያስታወሰ አንባቢ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ወደ ኋላ ይጨምራል፤ ስለዚህ ኤካላቪያን ከጦርነቱ ሳምንት በፊት ያድርጉት፣ በኋላ ከመጣ ግንኙነቱን እርስዎ ማስረዳት ይኖርብዎታል።